ሐይቁ ወደ ሰፈር ሲገባ አንትሮፖሎጂስት ምን ይሠራል?

ከታቦር ሥር (ክሩን የከፈተው) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ የተማርኩት ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ነው። በአሁኑ ጊዜ ሐይቁ ዳር ያሉ ሰፈሮችን ከሚያጠና ቡድን ጋር እሠራለሁ። ከእኔ በቀር ያለው ሁሉ መሐንዲስ ወይም የውሃ ባለሙያ ነው። በየሄድኩበት የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጎርፍ የውሃ ጉዳይ፤ አንተ የሠርግና የልቅሶ ባህል የተማርክ ሰው እዚህ ምን ጥልቅ አደረገህ?» መልሱ በአንድ ሻይ ስለማያልቅ እዚህ ጻፍኩት።

ሐይቃችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። የሚገባውና የሚተነው ከተመጣጠነ ልኩን ጠብቆ ይኖራል፤ ካልተመጣጠነ ወደ ሰው ደጅ ይመጣል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ ከዚያ ከኤልኒኞው ዝናብ ጋር የሆነውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ማታ ማታ የምንንሸራሸርበት ግድብም ለሽርሽር ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ውሃ እንዲመልስ ነው። ጨለለቃ ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በፊት ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ከብት የሚግጥበት ረግረግ ሆኗል። ደኑ ከተመነጠረው ዳገት እየታጠበ የወረደው ደለል ነው የሞላው።

እስከዚህ ያለው የመሐንዲሶቹ ነው። የእኔ ጥያቄ ከዚህ ይቀጥላል። ውሃው አንድ ክንድ ከፍ ሲል የሚገባው ማን ቤት ነው? ያ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሊሠራ የቻለው እንዴት ነው? ማን ሸጠለት፣ ማን እያየ ዝም አለው? ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው ማንን ነው? ከዓመት በኋላስ የት ነው ያለው?

ባለፈው አንድ ቤት ገባሁ። ጓዳው ግድግዳ ላይ እርጥበት የበላቸው ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ከሌላው ስንዝር ተኩል ያህል ይራራቃል። ባለቤቲቱ ዓመተ ምሕረት አይጠሩም፤ «የታችኛው ትልቁ ልጄ ክርስትና ሲነሣ፣ የላይኛው ባለቤቴ ታሞ የተኛ ክረምት» ነው የሚሉት። ይህን ከሐይቁ የልክ መዝገብ ጋር ማገናኘት አያስቸግርም። ወሬው ሲቀጥል ግን ሌላ ነገር ወጣ። በሁለተኛው ጊዜ ለቆ የሄደው የፊት ክፍሉን የተከራየው ቤተሰብ ነው፤ እሳቸው አልጋቸውን በብሎኬት ከፍ አድርገው ቀሩ። የተከራዩ ስም እኔ ባየሁት የተጎጂ ዝርዝር ላይ የለም፤ ዝርዝሩ የተያዘው በባለቤት ስም ነውና። ሰውየው የት እንደገባ ያገኘሁት ከእድሩ መዝገብ ነው። ጸሐፊው ከስሙ አጠገብ «ወደ ቱላ ዞረ፣ ወርኃዊውን በልጁ ይልካል» ብሎ ጽፏል፤ ቱላ ከከተማው ወጣ ያለ ክፍለ ከተማ ነው። የሳተላይት ፎቶ ይህን አያሳይም።

በዓለም ላይ ይህ የጥናት መስክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የፔሩ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነና ከሁዋስካራን ተራራ የተናደው በረዶና ድንጋይ ዩንጋይ የምትባል ከተማን በደቂቃዎች ቀበራት። በጠቅላላው በዚያ አደጋ 70 ሺህ ገደማ ሰው አለቀ። ከዩንጋይ ከተረፉት ጥቂቶች መካከል የመቃብር ኮረብታው ላይ የወጡ ነበሩ። አንቶኒ ኦሊቨር-ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ከተማዋን ከአደጋው በፊት ያውቃት ነበር፤ ተመልሶ ሄዶ ከተረፉት ጋር ኖረ፣ ለዓመታትም ተመላለሰ። መንግሥት «ደኅና ቦታ ላስፍራችሁ» ሲላቸው አሻፈረን አሉ፤ አዲሷን ዩንጋይ ከአሮጌዋ አጠገብ ሠሩ። ከውጭ ሲታይ ግትርነት ይመስላል። እሱ ግን አብሯቸው ስለነበረ ያየው ሌላ ነው፤ ሙታኖቻቸው ከዚያ አፈር ሥር ናቸው፣ የገጠሩ ሰው ለገበያ የሚወርደው ወደዚያ ነው፣ የአውራጃ ዋና ከተማነታቸውም ያለው እዚያ ነው። ያንን ትተው መሄድ ሁለተኛ ጥፋት ነበር።

በኋላ ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ነገር ጻፈ፤ ያ መንቀጥቀጥ 500 ዓመት የፈጀ ነው አለ። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት ሰዎች ተበታትነው ነበር የሚሰፍሩት፣ ለክፉ ቀን እህል የሚያከማቹበት ጎተራም ነበራቸው። ስፔኖች ሸለቆ ውስጥ ሰበሰቧቸው፤ ጠባብ መንገድ፣ ከባድ የጭቃ ጡብ፣ የሸክላ ጣሪያ አመጡ። ምድር የተንቀጠቀጠችው ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ሰዉን ለሞት ያዘጋጀው ግን ያ ሁሉ ዘመን ነው።

ሐይቁ ዳር ያላችሁ፣ በተለይ የእናንተን መስማት እፈልጋለሁ።

ባለሦስት እግር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

ረዝሟል ግን ጨርሼዋለሁ። ደመወዝ አለው ወይስ በቡና ነው የሚከፍሉህ? 😄 ቀልዱን ትተን፣ ክረምት ላይ የትኛው መንገድ መጀመሪያ እንደሚዘጋ ማወቅ ከፈለግክ የባጃጅ ተራ ላይ ና። ካርታ አያስፈልግህም።

ሜትርና ሊትር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልተዋጠልኝም። እኔ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። የሐይቁ ልክ ይነበባል፣ የዝናብና የትነት ሒሳብ ይሠራል፣ ከፍታው ካርታ ላይ ይሰመርና «ከዚህ በታች አይሠራ» ይባላል። አለቀ። ለዚህ የእድር መዝገብ ማገላበጥ ለምን ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በ2020 ኬንያ ውስጥ ባሪንጎና ናይቫሻ ሐይቆች ሲሞሉ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ የድሀ ጎጆ ሳይሉ ነው የዋጡት። ውሃ ሀብታምና ድሀ አይለይም።

ሁለተኛ፣ ጊዜ። አንተ አንድ ሰፈር ውስጥ ዓመት ስትቀመጥ ክረምቱ አይጠብቅህም። ውሳኔ የሚፈልግ ሰው ሰኔ ሳይገባ ነው መልስ የሚፈልገው።

ከታቦር ሥር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ውሃው አይለይም፤ ተስማማን። ውሃው ከሄደ በኋላ ያለው ነገር ግን ይለያል። ሆቴሉ ኢንሹራንስና ባንክ አለው፤ ጎጆዋ የላትም። ሱዛና ሆፍማን የምትባል አንትሮፖሎጂስት አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ላይ በተነሣው እሳት የራሷ ቤት ነደደ። ከዚያ በኋላ ሙያዋን ወደዚህ አዞረች፤ ከኦሊቨር-ስሚዝ ጋር ሆና መስኩን ካቆሙት አንዷ ናት። ባለሙያና ደኅና ኑሮ ያላት ሴት ናት። ከአንድ እሳት የወጡ ጎረቤታሞች ግን እኩል አይቋቋሙም፤ ባለቤትና ተከራይ፣ ዋስትና ያለውና የሌለው፣ ዘመድ ያለውና ብቸኛው መንገዳቸው ለየቅል ነው።

በጊዜው ነገር ግን እውነት አለህ። ሥራችን ቀርፋፋ ነው፤ ለሰኔ የማይደርስበት ጊዜ አለ። ቢሆንም «ከዚህ በታች አይሠራ» የሚለው መስመር ከተሰመረ በኋላ ሰው ተመልሶ ሲሰፍር መስመሩ ለምን እንዳልያዘ የሚያስረዳህ ሒሳቡ አይደለም።

የትውስታን ጉልበትም አትናቅ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሲሙሉዌ የምትባል ደሴት አለች፤ በ1907 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ ማዕበል ብዙ ሰው ጨርሶባታል። ከዚያ ወዲህ አያቶች ለልጅ ልጆች ይነግራሉ፣ ያዜማሉ፦ ምድር በኃይል ተናውጣ ባሕሩ ወደ ኋላ ከሸሸ ወደ ኮረብታ ሩጥ። እ.ኤ.አ. በ2004 ያ የሱናሚ ማዕበል ሲመጣ፣ ለመንቀጥቀጡ መነሻ እጅግ ቅርብ የነበረች ደሴት ሆና ሳለ፣ 78 ሺህ ያህል ሰው ካለባት የሞቱት 7 ናቸው። የማስጠንቀቂያ መሣሪያ አልነበራትም።

ዓሣ ሻጭ ነኝ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡22

እኔ የምጽፈው ልጄ ስልኩን አስተካክላልኝ ነው፤ ስሕተት ካለ እለፉት።

ልጄ፣ የጻፍከው ጥሩ ነው። ግን ስንት ሰው ፎርም ይዞ እንደመጣብን ታውቃለህ? ስምሽ ማን ነው፣ ስንት ልጅ አለሽ፣ ገቢሽ ስንት ነው፣ ሽንት ቤት አለሽ ወይ። ገቢዬን ስነግራቸው ይጽፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውንም አላየሁት። አንዷማ ልጅ ጎርፉ በገባ በሳምንቱ መጥታ «ምን ተሰማዎት?» አለችኝ። ፍራሼ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ እሷ ምን ተሰማዎት ትላለች!

ሌላም ልንገርህ። እናንተ ውሃ ሲሞላ «አደጋ» ትላላችሁ። ውሃው ፊላው፣ ዳር ዳር የበቀለው ረጅም ሣር፣ ውስጥ ሲገባ ቆሮሶ ዓሣ የሚራባው እዚያ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ውሃ በሞላ ዓመት መረቡ ይከብድ ነበር። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ ሲገባ እረግመዋለሁ፤ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ ስወርድ ደግሞ እመርቀዋለሁ። አንተ የትኛውን ትጽፋለህ? ደግሞ ባንዴ አይመጣም፤ ዛሬ ጓሮ፣ በወሩ ደጃፍ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ቱላ ቦታ እንሰጣችኋለን ያሉንም አሉ። ጀልባ የሚገባው ጎህ ሲቀድ ነው። ያን ሰዓት ከቱላ ምን ይዞኝ ይመጣል? ጠዋት ያልደረሰ ሰው የሚያገኘው አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ያተረፈውን ነው።

ባለሦስት እግር · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡30

እማማ እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰዓት ከቱላ የሚነሣ ባጃጅ ኮንትራት ካልሆነ የለም። የኮንትራቱ ሒሳብ ደግሞ የዓሣዋን ትርፍ ይበላዋል።

ንስሐ ይሻለናል · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ሁሉንም አነበብኩ፤ የፈጣሪ ስም አንድም ቦታ የለም። መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለምን ሆነ? ቁጣ ነው። ትምህርታችሁ ይህን አይቀበልም።

አወያይ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ከዚህ በላይ ለነበረው ጽሑፍ የተሰጡ ሁለት የስድብ መልሶች ተነሥተዋል። በጨዋነት።

ከታቦር ሥር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

@ንስሐ ይሻለናል፣ የእርስዎ ጥያቄ በሙያችን ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የሚባል እንግሊዛዊ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በምንለው አገር ከአዛንዴ ሕዝብ ጋር ሲኖር ያስተዋለው ነገር አለ። ሰዎች ከፀሐይ ለመጠለል ጎተራ ሥር ይቀመጣሉ፤ ጎተራው አንዳንዴ ይወድቅባቸዋል። ምሰሶውን ምስጥ እንደበላው አዛንዴዎች አሳምረው ያውቃሉ። የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ ለምን እነዚህ ሰዎች በተቀመጡበት ሰዓት? ምስጡ ለዚህ መልስ የለውም። እርስዎም የሚጠይቁት ይህንኑ ይመስለኛል፤ እኔ ደግሞ መልስ ልሰጥበት አልደፍርም። ሥራዬ ላይ የምከታተለው ግን አንድ ነገር ነው፤ «ቁጣ ነው» ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን ነው? ደኑን ወደጨረሰው ነው፣ መሬቱን ወደሸጠው ነው፣ ወይስ ቤቷ ወደፈረሰባት ሴት?

@እማማ፣ ሁለቱንም እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር የፊላውን ነገር እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የአዳማ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡02

ከጎረቤት ከተማ ልግባ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር ሲናወጥ እኛ አዳማ ላይ ሌሊት ከአልጋ ተነሥተን ደጅ ቆመናል። ዜናው ሁሉ ስለ መጠኑ ነበር፤ 5 ሆነ፣ 6 ደረሰ። በአፋርም በኦሮሚያም በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሣ።

ያ የ500 ዓመቱ ነገር ሲነገር እኔ ያሰብኩት ከረዩዎችን ነው። ፈንታሌ ሥር ከብትና ግመል የሚያረቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የአዋሽ ፓርክ ሲከለል ግጦሻቸው ሄደ። በዚያው ዘመን መተሐራ ላይ የስኳር አገዳ እርሻው መጣና አዋሽ ዳር የነበረውን የበጋ መሸሻቸውን ያዘው። ቀጥሎ የበሰቃ ሐይቅ መስፋት ጀመረ፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ነው፤ ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለመስኖ አይሆንም፣ የባቡር ሐዲዱንና አስፋልቱንም አስቸግሯል። የመስኖው ትርፍ ውሃ ነው የሚሉ አሉ፣ የከርሰ ምድር ፍል ውሃ ነው የሚሉም አሉ፤ ባለሙያዎቹ እስካሁን ይከራከሩበታል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ምድር ተሰነጠቀ። ድሮ ቢሆን ከብቱን ነድተው ዞር ይሉ ነበር፤ ዞር የሚባልበት ቦታ ግን ቀደም ብሎ አልቋል። የተፈናቀሉትን «በመሬት መንቀጥቀጥ» ብቻ ብሎ መመዝገብ ግማሹን ወሬ መተው ነው።

ሜትርና ሊትር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

በሰቃ ላይ የከርሰ ምድሩን ጉዳይ አታቃልለው። እርሻው ብቻ ነው ማለት ፖለቲካ ነው።

የአዳማ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡33

እርሻው ብቻ አላልኩም። ደግመህ አንብበው።

ከሳውላ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡48

ስለ እኛ አገርም ይነሣ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ላይ መሬቱ ተንሸራተተ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከእነዚያ ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ አይደለም፤ የተቀበሩትን ሊያወጡ በተሰበሰቡበት ሁለተኛው መጣባቸው።

በኋላ ከተማ ውስጥ የሰማሁት ንግግር እስካሁን ያቃጥለኛል። «ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው፣ ሥልጠና ያስፈልጋቸው ነበር» ይላሉ። ጎረቤትህ አፈር ሥር ሲጮህ ቆመህ ሥልጠና ትጠብቃለህ? እኛ ጋ ሰው ተቀብሮ ዝም ብሎ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ በሰው ፊት መቆም አይችልም። በእጃቸውና በአካፋ ነው የቆፈሩት፣ ማሽን ያልነበረው ስላላወቁ አይደለም። አንትሮፖሎጂ ይህን «ግንዛቤ» የሚባል ነገር እንዲተዉት ካደረጋቸው እኔ ደጋፊ ነኝ።

ከታቦር ሥር · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ነፍስ ይማር። ይህን ከእኔ በተሻለ ጽፈኸዋል። የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚነድፍ ሰው «ሰው ከአደጋ ይሸሻል» ብሎ ከተነሣ ስሌቱ ከመጀመሪያው ተበላሽቷል፤ ሰው ወደ አደጋ ይሮጣል፣ ወገኑ እዚያ ካለ። መሮጡን እርግጠኛ ሆኖ ማቀድ ነው ያለው፤ ማን ከላይ ቆሞ ዳገቱን ይጠብቅ፣ ስንት ሰው ይግባ፣ ስንቱ ይቆይ።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡10

ጋሼ ከታቦር ሥር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ላይ ልሠራ አስባለሁ። ከአገራችን ምን ላንብብ? መምህሬ የሰጡኝ ሁሉ የላቲን አሜሪካ ነው።

ከታቦር ሥር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡55

የሚገርመው ነገር በእኛ አገር ዋናውን መንገድ የጠረጉት አብዛኞቹ አንትሮፖሎጂስቶች አይደሉም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የጂኦግራፊ ሰው ነበሩ፤ ረሃብን ከድርቅ ለይተው፣ ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው የሚጫነው ሥርዓት ነው ብለው የተከራከሩት ከብዙዎቹ ቀድመው ነው። አማርትያ ሴን ኢኮኖሚስት ነው፤ የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል እንደነበረ አሳየ። የወሎ ሰው ያጣው የሚገዛበትን ነው። ደሳለኝ ራህመቶ ደግሞ የ1977ቱን ረሃብ ከገበሬው በኩል ሆነው አዩት፤ ሰው መጀመሪያ ምን ይሸጣል፣ በሬውን እስከ መቼ ይይዛል፣ ቀዬውን የሚለቀው መቼ ነው የሚለውን ከወሎ ሰዎች አፍ ሰብስበው ጻፉ። ለአንቺ ሥራ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። (አንቺ ያልኩት ገምቼ ነው፤ አንተ ከሆንክ ይቅርታ።)

ከአንትሮፖሎጂስቶች ዴቪድ ተርተንን ፈልጊ። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ኦሞ ሸለቆ ወደ ሙርሲዎች እየተመላለሰ ድርቅን፣ ረሃብንና ፍልሰትን አንድ ላይ የተከታተለ ሰው ነው። ለአሥርት ዓመታት አንድ ሕዝብ ጋር መመላለስ ምን እንደሚያወጣ ከእሱ ታያለሽ፤ ለሦስት ወር የሄደ ሰው ስደት ብሎ የሚጽፈውን እሱ የኑሮ አንድ ክፍል ሆኖ ያገኘዋል።

አንድ ምክር ልጨምር። መጠይቅ ይዘሽ አትግቢ። መጀመሪያ ሰው ጋ ሥራ አግዢ፤ ዓሣ ጥረቢ፣ መረብ ፍቺ፣ ልጅ ያዢ። ጥያቄሽ ራሱ እዚያ ይቀየራል።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡01

አንቺ ነኝ 😊 አመሰግናለሁ።

ሜትርና ሊትር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡47

ክርክሩ ይቆየንና ለእኔ የሚሆን አንድ ነገር አለ። የግድግዳው መስመር። የሐይቁ ንባብ የሚወሰደው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ውሃው በየቤቱ ስንት እንደደረሰ ግን መረጃ የለኝም። ነፋስ በሚነሣ ቀን ማዕበሉ ወደ አንዱ ዳር ይገፋል፣ የጎርፍ መውረጃው ሲደፈን ደግሞ ውሃው ከሐይቁ ሳይሆን ከከተማው በኩል ነው የሚመጣው። ሰዎቹ «ሐይቁ ገባብን» የሚሉት ሁለቱን ቀላቅለው ሊሆን ይችላል። ሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ይዤ መጥቼ መስመሮቹን ከሐይቁ ንባብ ጋር ላገናኛቸው። የትኛው የማን ክረምት እንደሆነ አንተ ትጠይቃለህ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይመቻል?

ከታቦር ሥር · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

ይመቸኛል። ውሃው ከሐይቁ ወይስ ከቱቦው እንደመጣ ለመለየት ሽታውንና ቀለሙን እንጠይቃቸው፤ ያስታውሱታል። @እማማ፣ ከእርስዎ ቤት ብንጀምር ይፈቅዳሉ?

ዓሣ ሻጭ ነኝ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡05

ቅዳሜ ገበያዬ ነው፤ ማንንም አላስተናግድም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኑ። ግን ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። ፎርም ካለ እዚያው አስቀሩት። ከእኔ ጀርባ ያሉትን ሁለት ተከራዮችም ትጠይቃላችሁ፤ እኔ እጠራቸዋለሁ። የጻፋችሁትን ደግሞ ከማስገባታችሁ በፊት በእድራችን ስብሰባ ላይ በአማርኛ ታነቡልናላችሁ፣ የሲዳምኛውን ጸሐፊያችን ይመልሰዋል፤ ስሕተት ካለ እዚያው ይታረማል። እሺ ካላችሁ ከፍቅር ሐይቅ በኩል ግቡ፣ በላይኛው መንገድ ጭቃ ነው። ደጃፍ ቆማችሁ ተጣሩ እንጂ በሩን ገፍታችሁ አትግቡ፤ ውሻው ይናከሳል።